የበለጥሽ ባል ማን ሆነ?

ምሕረቱ ልብ ወለዱን የጻፈው በስደት በሚኖርበት የከተማ ዳር ሰፈር አይቮሪ ፓርክ ውስጥ፣ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቁ ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጦ፣ በስልኩ ነው። ጠዋት ተማሪው ዳቦና ቺፕሱን ገዝቶ፣ ሠራተኛውም ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ከተማ ከወጣ በኋላ ሱቁ እስከ ምሳ ድረስ ጭር ይላል። ሌላው ባለሱቅ በዚያ ሰዓት ወይ ያንቀላፋል ወይ ድራማ ያያል። ምሕረቱ በአውራ ጣቱ ይጽፋል። የሱቁ ሸሪክ ደጉ መጀመሪያ ላይ ከሴት ጋር የሚጻጻፍ መስሎት ነበር። ግምቱ ከእውነት ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ሴትየዋ ግን በለጥሽ የምትባል፣ ዱራሜ ገበያ ቅቤ የምትነግድ፣ ምሕረቱ ከራሱ አውጥቶ የፈጠራት ሴት ነበረች።

በለጥሽ ባሏ የሞተባት፣ አንደበቷ የማይቻል፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ የደባለቀን ሰው ከገበያው ማዶ የምትለይ ሴት ናት። ሁለት ወንዶች ይፈልጓታል። አንደኛው ባለ ወፍጮ ነው፤ ዱቄት የለበሰ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ሰላም ሲላት እንኳ ዓይኑን ወደ ሚዛኑ የሚያዞር። ሌላው የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ሲስቅ ገበያው ሁሉ የሚዞርለት፣ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ቁጥር ሻሽ ይዞላት የሚመጣ። ታሪኩ ይህችን ሴት ማን ያገባት ይሆን እያሰኘ ይሄድና፣ በለጥሽ አንድ ሐሙስ ገበያው ሳይፈታ ሱቋን ዘግታ መንገድ ትጀምራለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ አንደኛው ቤት በእግሯ ትደርሳለች። ምሕረቱ ያንን ምዕራፍ ጽፎ ሲጨርስ አለቀሰ። ዳቦ ልትገዛ የመጣች ደንበኛ ፊቱን አይታ ማን እንደሞተበት ጠየቀችው። ማንም አልሞተም፣ ሠርግ ነው አላት።

ጽሑፉን መጀመሪያ የላከው አዲስ አበባ ላሉ አሳታሚዎች ነበር። አንደኛው ብዙ ቆይቶ መለሰለት፤ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ የወረቀቱን ወጪ ከቻልክ ደግሞ እጅግ ጥሩ ይሆናል የሚል። ሁለተኛው ታሪኩን ትቶ በፌስቡክ ስንት ተከታይ እንዳለው ጠየቀው። የምሕረቱ ተከታዮች ወንድሞቹ፣ እህቶቹና አንድ የማያውቀው ህንዳዊ ነበሩ። ሦስተኛው ውጭ አገር የሚኖር ሰው ስለ ቅቤ የሚጽፍበት ምክንያት እንዳልገባው ገልጾ፣ ሐሳቡን ከቀየረ እንዲደውልለት መከረው። ምሕረቱ ቅር አለው እንጂ አልተናደደም። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታቸው የሚነገረው ከምባትኛ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የአማርኛው ይሆናል ብሎ ጽሑፉን እንደገና ከላይ እስከ ታች አረመው።

ወደ አንዱዓለም የመራው ደጉ ነው። አንዱዓለም ከተማው ውስጥ ዱርንፎንቴን በሚባለው ሰፈር ከአንድ ጎማ ጠጋኝ በላይ ባለች ክፍል የሠርግ ካርድ፣ የቤተ ክርስቲያን ባነርና የመታወቂያ ፎቶ የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በሩ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ «የመጽሐፍ ኅትመት አማካሪ» የሚል ተለጥፏል። ምሕረቱን አስቀምጦ ዘመኑ እንደተለወጠ በሰፊው አስረዳው። አሳታሚ የሚባለው ነገር አብቅቷል፤ ዛሬ ደራሲው ራሱ አሳታሚ ነው፤ ደጅ መጥናት ድሮ ቀረ። ይህን እየተናገረ የምሕረቱን ጽሑፍ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተና ወደ ታች አስኬደው፣ አስኬደው፣ የገጹን ብዛት አይቶ ዘጋው። ከዚያ ሦስት ዓይነት ጥቅል እንዳለው ነገረው፤ ብር፣ ወርቅና አልማዝ። ምሕረቱ መካከለኛ ሰው ስለነበረ ወርቁን መረጠ። በወርቁ ውስጥ ሽፋን፣ የደራሲ ፎቶ፣ አዲስ ርዕስ፣ መቅድምና የምረቃ ኮሚቴ አሉበት። አንባቢ ተቀጥሮ ጽሑፉን ማንበብ ያለው አልማዙ ላይ ብቻ ነበር።

ርዕሱ ላይ ትንሽ ተከራከሩ። ምሕረቱ «የሐሙስ ገበያ» ብሎት ነበር።

«ማን ገበያ ይገዛልሃል?» አለው አንዱዓለም። «እዚህ ያለው ሕዝብ ከገበያ ነው የሚመጣው። "እንባዬ በራንድ ሲመነዘር" እንበለው።»

ምሕረቱ በታሪኩ ውስጥ የስደት አገሩ ገንዘብ ራንድ እንደሌለ፣ ስደትም እንደሌለ፣ ከዱራሜ ከሁሉ ርቆ የሚሄደው አይሱዙው ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳው ሞከረ።

«መጽሐፉ ውስጥ ባይኖር አንተ ውስጥ አለ» አለው አንዱዓለም።

ይህ አነጋገር ምሕረቱን ነካው። ፎቶ ተነሣ። ኮቱ የአንዱዓለም ነበር፤ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሩቅ እንዲያይ ተነገረውና ጎማ ጠጋኙ የሰቀለውን ካላማዳሪ አሻግሮ አየ። ሽፋኑ ሲያልቅ ምሕረቱ መሃል ላይ ቆሟል፤ ከበስተኋላው ከተማዋ የምትታወቅበት የሂልብሮው ማማ፣ ከማማው በላይ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላኑ ሥር ደግሞ የሚንጠባጠብ እንባ አለ። በለጥሽ የትም የለችም። መቅድሙን ጋሼ ለገሠ እንዲጽፉት ተወሰነ። ጋሼ ለገሠ የብርድ ልብስ አከፋፋይ ናቸው፤ ሐበሻ የተሰበሰበበት ኮሚቴ ሁሉ እሳቸውን ሰብሳቢ ያደርጋል፤ ካላደረገም ስብሰባው ራሱ አይጀመርም። መቅድሙን አንዱዓለም ጻፈው፣ እሳቸው ፈረሙበት።

የምረቃ ኮሚቴው ደጋግሞ ተሰበሰበ። መጀመሪያ በቀኑ ተነታረኩ፤ ዓርብ ቢሆን ጾም ነው፣ እሑድ ቢሆን የጴንጤዎቹ አምልኮ አያልቅም። ቀጥሎ ምግቡ መጣ። ከምግቡ ቀጥሎ መድረክ ላይ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ የሚለው ከምግቡ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ምሕረቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ስብሰባው ሊያበቃ ሲል፣ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ ለገሠም በዕለቱ እንሰማዋለን ብለው ስብሰባውን በጸሎት ዘጉ።

በምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መጽሐፉ በካርቶን ታሽጎ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ መጣ፤ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ምሕረቱ አንዱን ካርቶን ራሱ ቀዶ አንድ ቅጂ አወጣ፣ ላስቲኩን ገፈፈ፣ አሸተተው። ከዚያ ማንም ደራሲ እንደሚያደርገው በጣም ወደሚወደው ቦታ፣ ወደ መጨረሻው ሄደ። በለጥሽ ሱቋን ትዘጋለች። ቁልፉን በመቀነቷ ትቋጥራለች። ጎረቤቷ ወዴት ነው ስትላት አትመልስላትም፤ መንገድ ትጀምራለች። ምሕረቱ ገጹን ገለጠ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ጋሼ ለገሠ በባለቀለም ፎቶ ፈገግ ብለው ለደራሲው እንኳን ደስ አለህ ይላሉ። በለጥሽ ቁልፏን ቋጥራ፣ መንገድ ጀምራ፣ የጋሼ ለገሠ ብርድ ልብስ ማከፋፈያ ደርሳለች።

ከእሳቸው ቀጥሎ የካርጎ ድርጅት አለ። ከካርጎው ቀጥሎ ፀጉር ቤት፣ ከዚያ እድር፣ ከዚያ ጥርስ የሚያነጣ ሰው። ሽፋን። አለቀ።

ምሕረቱ አንዱዓለምን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ጎትቶ ወደ ጓሮ አወጣው። የመጨረሻው ምዕራፍ የት እንደገባ ጠየቀው። አንዱዓለም ምንም አልደነገጠም፤ እንዲያውም ጥያቄው እስካሁን መቆየቱ ሳይገርመው አልቀረም። ማተሚያ ቤቱ ከዚህ ገጽ በላይ አልጠርዝም እንዳለ፣ የደጋፊዎቹ መልእክት ደግሞ መጨረሻ ሰዓት ላይ እንደበዛ ነገረው።

«ወይ ደጋፊ መቀነስ ነበረብኝ፣ ወይ ምዕራፍ» አለው። «ደጋፊ ይቀየማል። ምዕራፍ አይቀየምም።»

«አንባቢስ?»

አንዱዓለም ትከሻውን ያዝ አደረገው፤ በቅንነት ነው ያደረገው። «ወንድሜ፣ ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል ብለህ ነው?»

ተመልሰው ገቡ፣ ምን ያድርጉ። ፓስተሩ ባረኩ፣ አንድ ዲያቆን መዝሙር አወጣ፣ አንዲት ልጅ ስለ እናት አገር ግጥም አነበበች። በመጨረሻ ጋሼ ለገሠ ተነሡ። መጽሐፉን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩና እኛ ስደተኞች ታሪካችን ተጻፈልን አሉ። «እኔ መጽሐፍ ስገልጥ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው» አሉ። «የዚህን መጨረሻ ባየሁ ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ምሕረቱ እያየ ነበርና የሰውየው ዓይን በእርግጥም እርጥብ ነበር። የመጀመሪያዋን ቅጂ በጨረታ ያሸነፈው ባፈና የሚባል፣ ሂልብሮው የሚኖር የመጋረጃ ነጋዴ ነው። ዕቃ የሚያወጣው ከጋሼ ለገሠ ስለሆነ፣ ዓይናቸው እሱ ላይ ሲያርፍ እጁን አነሣ፤ እንደገና ሲያርፍበት እንደገና አነሣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሕረቱ ደራሲው ተባለ። ሠርግ ሲጠራ ከሽማግሌዎች ጋር ያስቀምጡታል። ዕቃ ለማምጣት መሃል ከተማ ወዳለው ጂፒ ሰፈር ሲሄድ፣ ሐበሻው ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ሱቅ በከፈተበት ሕንፃ ውስጥ ከየበሩ «ደራሲው!» እያሉ ይጠሩታል። ሁሉም አንብቦታል። ግማሹ አልቅሶበታል። መጀመሪያ ሰሞን ምሕረቱ ነገሩ እየቆረቆረው መጨረሻውን እንዴት አገኛችሁት ብሎ ይጠይቅ ነበር። በጣም ቆንጆ ነው ይሉታል። አንዱ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይሻላል አለው። ሌላው መጨረሻው ትንሽ ተንዛዝቷል ብሎ ገንቢ አስተያየት ሰጠው። ምሕረቱ እቤቱ ሲገባ የሌለ ምዕራፍ እንዴት እንደሚንዛዛ ያሰላስላል።

ነገር ግን ሰው ነውና ለመደው። መነጽር ገዛ፤ ዓይኑ ግን ምንም አልነበረበትም። ሲናገር ቃላቱን ማርዘም ጀመረ። አንድ ቀን ደጉ ዱቄት አራግፍ ቢለው ደራሲ ሰው ዱቄት አያራግፍም ለማለት አፉን ከፍቶ፣ የደጉን ፊት አይቶ ተወው። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉ የጠፋው ምዕራፍ ላያስፈልግ ይችላል ብሎ ማሰብ ጀመረ። ዘመናዊ አጻጻፍ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። አንባቢው ራሱ ይጨርሰው።

በዚህ መሃል ነው ፀገነት የመጣችው።

ፀገነት የባፈና ሚስት ናት፤ መርካቶ አካባቢ ያደገች፣ ጂፒ ውስጥ ከባሏ ጋር መጋረጃ የምትሸጥ። መጽሐፍ ወዳድ ሆና አይደለም። ታክሲ ስትጠብቅ ስልኳን መንትፈዋት ነበር። ባፈና ዛሬ ነገ እያለ ሌላ ሳይገዛላት ቀረ። በዚያው ሳምንት የሕንፃው ባለቤት የመብራት ክፍያ አልከፈለም ተብሎ ቴሌቪዥኑም ዝም አለ። ቤት ውስጥ የቀረው መዝናኛ ፍሪጁ ላይ የተቀመጠው የምሕረቱ መጽሐፍ ብቻ ነበር። እስቲ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ አገጩን የያዘው ብላ ላስቲኩን ቀደደችው። ያን ቀን እራት አልተሠራም። ባፈና እራቱን ሲጠይቅ ቆይ፣ ሹፌሩ መጥቷል አለችው፤ ባፈናም የትኛው ሹፌር ብሎ በሩን ከፍቶ አየ።

በለጥሽ ቁልፏን መቀነቷ ላይ ስትቋጥር ፀገነት ገጹን ገለጠችና ጋሼ ለገሠን አገኘች። ገጽ የተጣበቀ መስሏት በቢላ ልትለያይ ሞከረች። የጎረቤቶቿን ቅጂ ለመነች፤ ሁሉም በላስቲኩ እንዳለ ነበር። ላስቲኩን እሷ ራሷ እየቀደደች አየች፤ የሁሉም በለጥሽ መንገድ ላይ ቀርታለች። በማግስቱ ጠዋት ባሏን በግድ አስነሥታ፣ ታክሲ እየቀያየሩ አይቮሪ ፓርክ ድረስ መጡ።

ምሕረቱ ፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ቲማቲም ይለይ ነበር። ፀገነት ፊቱን ከሽፋኑ ጋር አመሳከረች።

«ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ምሕረቱ መነጽሩን አስተካክሎ አዎን አለ። ፊርማ ፈልጋ የመጣች ስለመሰለው እስክሪብቶ ፈለገ። እሷ ግን መጽሐፉን ከመጨረሻው ገለጠችና የጋሼ ለገሠን ፎቶ በጣቷ መታ መታ እያደረገች በፍርግርጉ በኩል አሳየችው።

«ይሄ ሰውዬ ነው ያገባት?»

ምሕረቱ እስክሪብቶ መፈለጉን ትቶ የለስላሳ መጠጥ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። በዚያ ሁሉ ወር፣ በዚያ ሁሉ ሠርግና ጭብጨባ ውስጥ አንድም ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ አንዲት የማያውቃት ሴት በቁጣ እየጠየቀችው ነው። ደስታ ይሁን ኀፍረት ሊለየው አልቻለም። ፀገነት ቁጭ ማለቱን ጥፋት ማመን አድርጋ ወሰደችው፤ አንቱታውንም እዚያው ላይ ተወችው።

«እኔ እራት ሳልሠራ ያደርኩት ለብርድ ልብስ ማስታወቂያ ነው? ሰው እንዴት መንገድ ላይ ይተዋል? ተናገር፣ ማንን አገባች?»

«ባለ ወፍጮውን» አለ ምሕረቱ።

ፀገነት ይህ ሊሆን እንደማይችል ነገረችው። ሹፌሩ ያን ሁሉ ሻሽ ያመጣው ለምንድን ነው? ባለ ወፍጮው አንዲት ቃል ከአፉ ሳይወጣ ሴት እንዴት ታውቅለታለች? ምሕረቱም ተነሣ። መነጽሩን አወለቀና፣ ሹፌሩ ሻሽ የሚያመጣው ገበያው እንዲያይለት እንደሆነ፣ ባለ ወፍጮው ግን በለጥሽ ታማ በተኛች ሰሞን ለማንም ሳይናገር ሱቋን ከፍቶ ይሸጥላት እንደነበር፣ ይህም የሚገለጠው በመጨረሻው ምዕራፍ እንደሆነ አስረዳት። «እሱንማ ማን ነገረኝ!» አለች ፀገነት። ባፈና ከኋላ ሆኖ እሱም ባለ ወፍጮው ይሻላል ብሎ እንደሚያስብ በለሆሳስ ተናገረ፤ አንተ አላነበብክም ተብሎ ዝም አለ።

ዳቦ ሊገዙ የመጡ፣ በአገሩ ቋንቋ ጎጎ የሚሏቸው አንዲት አሮጊት ከኋላ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ምን እንደተፈጠረ ደጉን በዙሉ ጠየቁት፤ ፖሊስ ይጠራ ወይ አሉት። ደጉ በሚችላት ዙሉ ሴትየዋ ወፍጮ ባለው በአንድ ሰውና በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር መካከል እንደሆነች ነገራቸው። ጎጎዋ ፀገነትን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋትና ሹፌሩን እንድትተወው መከሩ፤ የእሳቸው ሟች ባል ሹፌር እንደነበረ፣ በቀብሩ ዕለት ደርባን ላይ ሌላ ቤት እንዳለው እንደሰሙ አጫወቷት። ደጉ ይህን ሲተረጉም ፀገነት ሳቀች። ከዚያ ወንበር አምጡ አለች። አልሄድም፣ ምዕራፉን እዚሁ አንብብልኝ፣ አለችው።

ምሕረቱ ከስልኩ ላይ አነበበላት። ፀገነት የጂፒ ሴቶችም ሐቁን ይወቁ ብላ የባፈናን ስልክ ነጥቃ ድምፁን ቀዳችው። ንባቡ ሲያልቅ አሁንም እንዳልተስማማች ነገረችው፤ አማርኛህም አንዳንድ ቦታ ይንጋደዳል ብላ ሄደች። ቅጂውን ግን መጋረጃና ብርድ ልብስ ለሚሸጡ ጓደኞቿ ላከችው። እነሱ ለሌላ ላኩ። በሳምንቱ ምሕረቱ ከማያውቃቸው ቁጥሮች መልእክት ይጎርፍለት ጀመር፤ መጨረሻውን ሰምተናል፣ ይቺ ሴት ከየት የመጣች ናት፣ ከመጀመሪያው ንገረን።

እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ። ጠዋት ጠዋት፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ አንድ አንድ ቁራጭ እያነበበ በቴሌግራም ይልካል። ፍርግርጉ ሲንኳኳ ንባቡ ይቆማል፤ ደንበኛውን በዙሉ ሰላም ብሎ «ሳውቦና፣ ዳቦ ነው? ዳቦ አልቋል» ይላል፤ ከዚያ በለጥሽ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ቀን እነዚህን ቆርጦ አውጥቶ በንጹሕ ድምፅ ቢልክ አድማጩ ተቃወመ። ዳቦዋስ የት ሄደች አሉት። አብዛኞቹ እንደሱ ባለሱቆች ነበሩ፤ በየታውንሺፑ፣ በየከተማው ዳር ሰፈር፣ ከፍርግርግ ጀርባ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን የሚቀመጡ፣ የሰው ድምፅ የናፈቃቸው። በመጽሐፍ ምረቃ መድረክ ላይ ማንም አላስቀመጣቸውም፤ ቢጠሩም ሱቅ ዘግተው አይመጡም ነበር። አሁን ግን ባለ ወፍጮው ለበለጥሽ መልስ ሳይሰጣት በቀረ ቁጥር ከሩቅ ከተማ፣ ከሩስተንበርግም ከፖሎክዋኔም፣ የተግሣጽ መልእክት ይመጣል።

ነገሩ ሲሰማ አንዱዓለም አይቮሪ ፓርክ ድረስ መጣ። ድምፁን በአልማዝ ጥቅል ሊይዘው ሐሳብ ነበረው፤ በየቁራጩ መግቢያ ላይ ካርጎው፣ ፀጉር ቤቱና ጥርስ የሚያነጣው ሰው መልእክታቸውን ያሰማሉ። ምሕረቱ እምቢ ሲለው ከልቡ አዘነለት። ደራሲ እንደዚህ ራሱን ሲጥል ማየት ያሳዝናል ብሎ ለደጉ ነገረው።

በአንዱ ቀን ጋሼ ለገሠ ደወሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። አጠገብህ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁት። የለም አላቸው። መኪና ውስጥ ናቸው፤ ማከፋፈያቸው በር ላይ ከቆሙ ቆይተዋል፤ ሠራተኞቹ ቁልፍ እየጠበቁ ነው፣ እሳቸው ግን ቁራጩ ሳያልቅ መውረድ አልሆነላቸውም። ባለቤታቸው ናት ያስጀመረቻቸው።

«ይቺ ልጅ» አሉ ጋሼ ለገሠ፣ «ሹፌሩን አታገባውም አይደል? እኔ ሰውየው አላማረኝም።»

ምሕረቱ በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ማለት ይችል ነበር። አዳራሹ ትዝ አለው፤ እርጥብ ዓይናቸውም ትዝ አለው። አፉ ላይ የደረሰውን መልሶ ዋጠው።

«ሐሙስ ያዳምጡ ጋሼ» አላቸው።

«እስከ ሐሙስ?» አሉ፤ ድምፃቸው በእርግጥ የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነበር።

ሐሙስ ደረሰና፣ የፀገነት ቅጂ ላልደረሰው ለብዙው አድማጭ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ተነበበ። ያ ቀን ለምሕረቱ ጥሩ ቀን አልነበረም። ግማሹ አድማጭ ባለ ወፍጮውን እንደ ወንድሙ መረቀው፤ ግማሹ ደራሲውን ከዳተኛ አለው። ከሁለተኛው ወገን አንዱ፣ ሩስተንበርግ ያለ ባለሱቅ፣ የራሱን መጨረሻ በራሱ ድምፅ ቀድቶ አሰራጨ፤ በለጥሽ መንገድ ላይ ሐሳቧን ለውጣ አይሱዙው ላይ ትወጣለች። ብዙ ሰው ወደደው። ምሕረቱ ሰምቶት ምሳውን መብላት አቃተው። ደግሞ ሰማው፤ አይሱዙው ዳገቱን ሲወጣ የተገለጸበት ቦታ ከእሱ ይሻላል። ለሰውየው መልእክት ላከለት፤ ዳገቷን ወድጃታለሁ፣ ሚስቴን ግን መልስልኝ፣ ብሎ። ሰውየው እየሳቀ መለሰለት፤ ወዳጅ ሆኑ።

ፀገነት አኩርፋ ለጥቂት ቀናት ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ መጋረጃ ያስፈልግህ እንደሆነ ልጠይቅ ነው በሚል ሰበብ ደወለች። የምሕረቱ ሱቅ ፍርግርግ እንጂ መስኮት የለውም፤ ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። ሌላ ነገር መጻፍ ጀምረህ ይሆን አለችው። ጀምሬያለሁ አላት። ስለ ማን እንደሆነ ሳይነግራት፣ በዚህኛው ሴቲቱን ለሚገባት ወንድ እንዲድራት፣ አማርኛውንም ከመላኩ በፊት ለእሷ እንዲያሳይ አዘዘችው። አዲስ ታሪክ መጀመሩን ለባፈና እንዳይነግረውም ጨመረች፤ እሱ ገና የመጀመሪያው ታሪክ መሃል ላይ ስለሆነ።

ከዚያ ወዲህ አንዱዓለም አንድ ጊዜ ደውሎለታል። አንድ የካርጎ ሰው መጽሐፍ ሊያስመርቅ ነው፤ ምሕረቱ እንደ አንጋፋ ደራሲ መድረክ ላይ ተቀምጦ ሥራውን እንዲያደንቅለት ይፈለጋል። ሽፋኑ አልቋል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ጋሼ ለገሠ መቅድሙን ፈርመዋል። ምሕረቱ አስቀድሜ እንዳነብበው ጽሑፉን ላክልኝ አለው። አንዱዓለም ሰውየው መጻፉን ገና እንዳልጀመረ፣ ከምረቃው በኋላ ጊዜ ሲያገኝ እንደሚጀምር ነገረው።

ምሕረቱ ሱቅ አለብኝ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ስልኩን ዘጋና ደጉ ያስቀመጠለትን የዱቄት ጆንያ አራገፈ። ተማሪው ሄዷል፣ ሠራተኛው ሄዷል። እጁን ጠርጎ የለስላሳ መጠጥ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠና ካቆመበት ቀጠለ።